የገንዘብ ስልክ ለጌም አይሰጥም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ በሬዲዮ የመለስኳቸውን ጥያቄዎች ብዙ ሰው በጽሑፍ ስለጠየቀኝ እዚህ አስቀምጫቸዋለሁ። ርዕሳችን የሱፐርሂሮ ጌሞችና በስክሪን ላይ ሞዴል የሚገጣጠምባቸው አፖች ነበሩ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመቀሌ፣ ወጣት፦ የሱፐርሂሮ ጌም መቼ ተጀመረ?

ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በ1979 ለአታሪ 2600 የወጣው ሱፐርማን ነው። ስፓይደርማን በ1982 በዚያው ማሽን ላይ ተከተለ።

ከአዳማ፣ እናት፦ የ10 ዓመት ልጄ አዲሱን ስፓይደርማን ከቴሌግራም በስልኬ አወረደ። "ፕሌይ ፕሮቴክትን አጥፉ" ሲለን አጠፋነው። ጌሙ ግን አልከፈት አለ። ምን ላድርግ?

እናቴ፣ መጀመሪያ የስልኩን ዳታና ዋይፋይ ያጥፉ። ከዚያ በሌላ ሰው ስልክ ባንክዎ ጋ ይደውሉና ሞባይል ባንኪንጉን ያዘጉ። ቴሌብር ካለዎትም እንዲሁ ያድርጉ። የቀረውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

አሁን ምክንያቱን ልንገርዎ። ልጅዎ የፈለገው ጌም፣ ኢንሶምኒያክ የሠራው ስፓይደርማን፣ በ2018 ለፕሌይስቴሽን 4 ነው የወጣው። ወደ ኮምፒውተር የመጣው በ2022 ነው። ለስልክ የተሠራ ቅጂ የለውም። ስለዚህ በዚያ ጌም ስም ቴሌግራም ላይ የሚዞር ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል) ሁሉ ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ ማስታወቂያ ብቻ ይደረድራል። አንዳንዱ ግን ሌባ ነው።

ሌባው እንዴት እንደሚሠራ ይወቁ። መጀመሪያ ጥበቃውን እንድታጠፉ ይጠይቃል። ፕሌይ ፕሮቴክት ማለት የስልኩ ዘበኛ ነው። ዘበኛውን "ወደ ቤትህ ሂድ" ብለው ካሰናበቱት በኋላ በሩን ማን ይጠብቃል? ቀጥሎ መልእክት ለማንበብ ፈቃድ ይጠይቃል። ባንኩ የሚልክልዎት የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ከሁሉም የከፋው አክሰሰቢሊቲ የሚባለው ፈቃድ ነው። ማየት ለሚቸገሩ ሰዎች የተሠራ ጥሩ ነገር ነው። አንድን አፕ ስክሪኑ ላይ ያለውን እንዲያነብና በእርስዎ ምትክ እንዲነካ ያስችለዋል። ሌባ እጅ ሲገባ ግን እርስዎ ተኝተው ስልኩ ራሱ ባንክዎን ከፍቶ ብር ይልካል።

ጌሙ አልከፈት ያለው ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ምልክቱ ከስክሪኑ ይጠፋል፣ ሰው "አልሠራም" ብሎ ይተወዋል፣ እሱ ግን ከጀርባ ሥራውን ይሠራል።

ባለፈው ክረምት አንድ አባት ሱቄ መጡ። ለልጃቸው ትምህርት ቤት ያጠራቀሙት ብር በአንድ ሌሊት ወጥቷል። ስልኩን ስከፍተው ውስጡ "ነጻ ሙሉ ጌም" የሚል ፋይል ተቀምጧል። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው መሬት መሬት ሲያዩ ከፊቴ አይጠፋም። ስለዚህ በየሳምንቱ ይህን ስደጋግም ሰለቸን አትበሉኝ።

እናቴ፣ ፎቶዎችዎን በኬብል ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። ከዚያ ስልኩን ፎርማት ያስደርጉ። አፑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ፒኖችዎን በሙሉ ይቀይሩ፣ ያውም ከሌላ ስልክ። ልጁን ደግሞ አይምቱት፣ አደራ። ከተመታ ቀጣዩን ፋይል ደብቆ ነው የሚያወርደው። ቤት ውስጥ ያረጀ ስልክ ካለ ሲም ካርዱን አውጥተው ለጌም ይስጡት። ብር ያለበት ስልክ ለጌም አይሰጥም።

ከጎንደር፣ የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት፦ ደንበኞቼ ስፓይደርማንና ባትማን ይላሉ። ሱፐርማንን ግን የሚጠራው የለም። ለምንድነው?

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት። ችግሩ የሱፐርማን ጉልበት ነው። ጥይት የማይበሳው፣ የሚበር፣ ተራራ የሚያነሳ ሰው ጌም ውስጥ በምን ይሸነፋል? መሸነፍ ከሌለ ጨዋታ የለም። በ1999 ለኒንቴንዶ 64 የወጣው ጌሙ መፍትሔ ያደረገው ተጫዋቹን በአየር ላይ በተደረደሩ ቀለበቶች ውስጥ ማብረር ነበር። እስከ ዛሬ የመጥፎ ጌም ምሳሌ ሆኖ ይነሳል። ከ2006 ወዲህም ሱፐርማን ብቻውን የሚመራው ትልቅ የኮንሶል ጌም አላገኘም።

ስፓይደርማንን ያነሳው አንድ ትንሽ የምትመስል ለውጥ ናት። በቀደሙት ጌሞቹ ድሩ ሰማይ ላይ ነበር የሚጣበቀው። ምንም በሌለበት ይወዛወዛል። በ2004 ትሬያርክ የሠራው ስፓይደርማን 2 ድሩን ከሕንጻ ጋር አሰረው። ሕንጻ ከሌለ መወዛወዝ የለም። እጅህ ላይ ክብደቱ ይሰማሃል። ያኔ ሰው ተልእኮውን ትቶ ዝም ብሎ ከተማውን መዞር ጀመረ። የ2018ቱ ጌምም የቆመው በዚያ መሠረት ላይ ነው።

ባትማን ደግሞ ሰው ነው። በ2009 የለንደኑ ጌም ሠሪ ሮክስቴዲ አርክሃም አሳይለም የሚባለውን የባትማን ጌም ሲያወጣ ያንን ድካም ተጠቀመበት። መሣሪያ የያዘ ጠላት ፊት ለፊት ካገኘህ ትወድቃለህ። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ትደበቃለህ፣ አንድ በአንድ ትለቅማቸዋለህ። ቦታውም አንድ ደሴት ብቻ ነው፣ ሰፊ ከተማ አይደለም። በእኔ ዕይታ ጠቦ በደንብ የተሠራ ቦታ፣ ሰፍቶ ባዶ ከሆነ ከተማ ይበልጣል።

ለአንተም አንድ ነገር ልበልህ። ቤቱ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ላይ ደንበኞች ፍላሽ ይሰካሉ። የባንክ አካውንትህን እዚያ ላይ አትክፈት።

ከባሕር ዳር፣ የ13 ዓመት ልጅ፦ የሌጎ ጡብ የለኝም። በኮምፒውተር መገጣጠም እችላለሁ?

ትችላለህ ጎበዝ። ስቱዲዮ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ የሌጎ ጡብ የሚሸጥበት የብሪክሊንክ ድረ ገጽ ሥራ ነው፣ ነጻ ነው። የሌጎ የራሱ ዲጂታል ዲዛይነር በ2022 ተዘግቷል፣ እሱን አትፈልግ። ስቱዲዮ የሚጠቀምባቸው የጡብ ፋይሎች መነሻቸው ኤልድሮው የሚባል ፕሮግራም ነው። በ1995 ጄምስ ጄሲማን የተባለ አውስትራሊያዊ ለራሱ ፍቅር ብሎ ነው የጀመረው። ዛሬም በጎ ፈቃደኞች የጡቦቹን ፋይል ያሳድጋሉ።

ስቱዲዮ ላይ የፈለግከው ቀለም አያልቅብህም። ግን አንድ ነገር ልብ በል። ስክሪን ላይ የቆመ ሁሉ በእጅ አይቆምም። በአንዲት ጡብ የተንጠለጠለ ክንፍ ኮምፒውተር ላይ አይወድቅም፣ ጠረጴዛ ላይ ግን ይወድቃል። ስለዚህ ከታች ጀምረህ ወደ ላይ ሥራ። መጋጠሚያዎቹን እንደ ግንበኛ አፈራርቅ፣ አንዱን መስመር በሌላው ላይ እኩል አትደርድር።

የራስህ ኮምፒውተር ከሌለህ፣ ቲንከርካድ የሚባለው ቅርጽ መሥሪያ በሰው ኮምፒውተርም በብራውዘር ይከፈታል። የሚጫን ነገር የለውም፣ እሱ ደስ ይለኛል። ስቱዲዮን ግን ከብሪክሊንክ ድረ ገጽ ብቻ አውርድ። ከቴሌግራም አይደለም።

ከሪያድ፣ እህት፦ ለልጄ ስልክ ልኬ ካርዴን አስገባሁለት። ትናንት ማታ ለጌም ልብስ ብዙ ብር ተቆረጠ። ይመለሳል?

ፕሌይ ስቶር ላይ ከገዛ 48 ሰዓት ሳይሞላ ጥያቄ አቅርቢ፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ዛሬውኑ አድርጊው። ከዚያ ካርዱን አውጪው። ግዢ ሁሉ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አድርጊ። ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን የጉግል የወላጅ መቆጣጠሪያ አፕ ብትጭኚበት ደግሞ የሚገዛውን ከዚያ ሆነሽ ታጸድቂያለሽ። ልብሱ ጀግናውን አያጠነክረውም፣ መልኩን ነው የሚቀይረው። ይህን ለልጅሽ በስልክ አስረጂው። አንቺ በስንት ድካም ያገኘሽውን ብር ልጁ ክፉ ሆኖ አልጨረሰውም። ቁልፉ ክፍት ስለነበር ነው።

ከአዲስ አበባ፣ አባት፦ ልጄ ሲጫወት ብርሃን ብልጭ ብልጭ ሲል ዓይኑ ይፈዛል፣ እጁም ይንቀጠቀጣል። የስክሪኑን ብርሃን ብቀንስ ይበቃል?

አይበቃም። ጌሙን ዛሬ ያቁሙና ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ብልጭታ የሚያስነሳው የሚጥል በሽታ አለ፣ እሱ ይሁን አይሁን የሚለየው ሐኪም ነው። እንደገና ከያዘው በጎኑ ያስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ። ከተቻለ ሌላ ሰው በስልክ ይቅረጸው፣ ለሐኪሙ ይረዳዋል። ጸበል መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፣ ሐኪሙን ግን አይዝለሉ። ከዚህ በላይ እኔ የምለው የለኝም፣ ሙያዬ ስልክና ኮምፒውተር ነው።

ከደሴ፣ ተማሪ፦ ኢትዮጵያዊ ሱፐርሂሮ አለ? የራሴን ጌም መሥራትስ እችላለሁ?

አለ። ኢታን ኮሚክስ በ2018 ያወጣው ጀምበር የሚባል ጀግና አለ፣ በአማርኛም ይነበባል። የራስሽን ለመሥራት ገጸ ባሕሪውን በብሌንደር ቅረጪ፣ ጌሙን በጎዶት ገጣጥሚ። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው። በከተማ አትጀምሪ። አንድ ክፍል፣ አንድ ሰው፣ አንድ ዝላይ ይበቃሻል። ዝላዩ እስኪጥምሽ ድረስ እሱን ብቻ አስተካክይ። ስትጨርሺ ደውለሽ ንገሪኝ፣ በአየር ላይ አብረን እናወራበታለን።

ከሐዋሳ፦ የፕሌይስቴሽን 4 ሲዲ በ5 ላይ ይሠራል?

ሲዲ ማስገቢያ ያለው ከሆነ አብዛኛው ይሠራል።