ጎልማሳ የባሌት ዳንሰኛና የዳሌው ፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ባሌትን በጎልማሳነት ለጀመራችሁ ነው፤ በተለይ ባሕር ዳርን በብስክሌት እየዞራችሁ ለምትውሉ። «እግሬ አልከፈት አለ» የሚል ሰው ሁሉ የውስጥ ጭኑን መሳብ ይጀምራል። እኔ ግን መጀመሪያ የዳሌውን ፊት ይይ እላለሁ።

ከታችኛው የጀርባ አጥንት ተነሥቶ፣ በዳሌ ውስጥ አልፎ፣ ጭን አጥንት ላይ የሚያያዝ ጡንቻ አለ፤ ኢሊዮፕሶአስ ይባላል። ጭንን ወደ ደረት የሚያነሣው እሱ ነው። ብስክሌት ላይ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እንኳ ዳሌ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ቢሮም ቁጭ ነው፣ ቡናውም በርጩማ ላይ ነው። ማታ አራቤስክ (በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግቶ ማንሣት) ሲባል ታዲያ እግር ወደ ኋላ መሄድ ሲያቅተው ወገብ ይለመጣል። ይህም ወገብን ሊያሳምም ይችላል።

እንዲህ ሥሩት። አንዱን ጉልበት መሬት ላይ አድርጉ፤ ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ጋቢ አጥፋችሁ ከሥሩ አንጥፉ። ሌላው እግር ከፊት፣ ጉልበቱ 90 ዲግሪ ታጥፎ። ወደ ፊት አትግፉ! በተንበረከከው እግር በኩል ያለውን መቀመጫ አጥብቁ፣ ከሆድ ሥር ያለውን አጥንት ወደ እምብርት ሳቡ። በትክክል ከያዛችሁት ከቦታችሁ ሳትነቃነቁ የጭናችሁ ፊት ሲሳብ ይሰማችኋል። 30 ሰከንድ ቆዩ፣ በየጎኑ 2 ወይም 3 ጊዜ። የሚበላሸው ወደ ፊት በመውደቅ ነው፤ ያን ጊዜ ወገብ ይታጠፍና ጡንቻው ሳይሳብ ይቀራል።

ተርን አውትን፣ ማለትም እግርን ከዳሌ ጀምሮ ወደ ውጭ ማዞርን በተመለከተ፣ የጭን አጥንት አንገት ማዘንበልና የዳሌው ጉድጓድ ጥልቀት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ጎልማሳ ላይ በመሳብ አይቀየርም። ልካችሁን ለማወቅ በሆዳችሁ ተኙ፣ አንዱን ጉልበት 90 ዲግሪ እጠፉ፣ ባታችሁን ወደ ሌላው እግር በኩል ቀስ ብላችሁ ጣሉ። ዳሌያችሁ ከወለሉ መነሣት ሲጀምር አቁሙ፤ ድንበራችሁ እሱ ነው። ቆማችሁ ከዚያ በላይ የምታዞሩት ከጉልበትና ከእግር መዳፍ የተሰረቀ ነው፤ የመዳፉ ቅስት ይወድቃል፣ ጉልበት ይጠመዘዛል። ይህን በጣም አጥብቄ የምለው ጉልበት አንዴ ከተጎዳ ለመዳን ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ነው።

ድንበሩ ውስጥ ያለውን ግን ብዙዎቻችን አንጠቀምበትም። በጎን ተኝታችሁ፣ ጉልበት አጥፋችሁ፣ ተረከዝ ከተረከዝ ሳይለያይ የላይኛውን ጉልበት ክፈቱ፤ 12 ጊዜ፣ 2 ዙር። ዳሌ ወደ ኋላ ከተንከባለለ ከፍታውን ቀንሱ። ሌላው ደግሞ ግድግዳ ይዛችሁ ጭናችሁን በእጅ ከፍ አድርጉና እጃችሁን ልቀቁ፣ 5 ሰከንድ ያዙት። እግሩ ወዲያው ከወረደ የጎደለው ኃይል ነው፤ መሳብ ብቻውን ዴቬሎፔን (እግርን አጥፎ አንሥቶ አየር ላይ መዘርጋትን) አያነሣም።

ጊዜውም ለውጥ ያመጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጣና ዳር መራመድ ደስ ይላል፤ ሰውነት ግን ገና ግትር ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይበልጥ ይታዘዛል። ሁልጊዜም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱና ጀምሩ። ከ60 ሰከንድ በላይ የሚቆይ መሳብ የጡንቻን ጉልበት ለጊዜው ስለሚቀንስ ከዝላይ በፊት አይሆንም፣ ከትምህርቱ በኋላ አድርጉት።

ሕመሙ የት እንደሆነ ለዩ። በጡንቻው መካከል የሚሰማ መሳብ ጤነኛ ነው። ጭን ስታነሡ ወይም እንደ እንቁራሪት ስትከፍቱ ብሽሽት ፊት ላይ ቆንጠጥ ካደረጋችሁ ግን መገጣጠሚያው እየተጋጨ ሊሆን ይችላልና አትግፉበት፤ ከፍታውን ቀንሱ። የምትቀመጡበት አጥንት ላይ የሚወጋ ከሆነ የቋንጃው ጅማት ሊሆን ይችላል፤ መሳቡን ተዉና ቀስ በቀስ አጠንክሩት። ሁለት ሳምንት አርፋችሁም ካልተሻላችሁ ፊዚዮቴራፒስት ይያችሁ።