የኤሌክትሪክ መኪና ፊውዝ ሲቃጠል፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከአያት የደወሉ አድማጭ፦ «የጎማ መንፊያ የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ ሰክቼ እየሠራ ድንገት ቆመ። ከዚያ ወዲህ ሶኬቱ ስልክም አይሞላም። መኪናው ግን ይሄዳል። ባትሪው ተነክቶ ይሆን?»

አይዞዎት ወንድሜ፣ ትልቁን ባትሪ አያስቡት። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ቤንዚኑ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለው። መብራቱ፣ መስኮቱ፣ ሶኬቱ በእሱ ነው የሚሠሩት። የጎማ መንፊያ ደግሞ 10፣ 15 አምፔር የሚስብ አለ። ሶኬቱ ያለበት ፊውዝ 15 ከሆነና መንፊያው ከለፋ፣ ፊውዙ ይበጠሳል። የተቀመጠውም ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ መኪናውን ያጥፉ። ድምፅ ስለሌለው ሳይጠፋ የጠፋ ይመስላል፤ ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» የሚለው መጥፋቱን ይዩ። የፊውዝ ሳጥን ብዙ ጊዜ አንዱ ኮፈን ሥር፣ ሌላው ከዳሽቦርዱ በታች ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ቻይንኛ ከሆነ በስልክዎ አንስተው ያስተርጉሙት። በግምት አይንቀሉ፣ የኤርባጉ ፊውዝም እዚያው ሊሆን ይችላል።

ሲነቅሉ ፕላስቲኩ ውስጥ ያለውን ቀጭን ሽቦ ይዩ። በዓይን ካልለየ ቴስተሩን ድምፅ የሚሰጠው ላይ አድርገው ሁለቱን እግሮች ይንኩ። ዝም ካለ ተቃጥሏል።

የሚተኩት በዚያው ቁጥርና በዚያው መጠን ነው። ቀለሙም ይነግርዎታል፦ 10 ቀይ፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ፣ 30 አረንጓዴ። 15 አጣሁ ብለው 30 ከከተቱ በሚቀጥለው ጊዜ የሚቀልጠው የመኪናው ሽቦ ነው። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልለው የሚሰኩማ አሉ፤ ስለነሱ ባልናገር ይሻለኛል። አዲሱም ወዲያው ከሄደ ሌላ አይሞክሩ። ሶኬቱ ውስጥ ሳንቲም ወድቆ ሾርት አድርጎ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ያንን ይፈትሹ።

ከሳሪስ የደወሉ እህት፦ «ጠዋት በሩም አልከፈት አለ፣ መኪናውም አልነሳ አለ። ትልቁ ባትሪ 60 ፐርሰንት ነበረው። አንድ ባለሙያ ዋናው ፊውዝ ነው፣ ይፈታ አለኝ።»

እህቴ፣ ከመፈታቱ በፊት ትንሹ ባትሪ ይለካ። መኪናው ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ከ12 በታች ከወረደ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው ላይነሳ ይችላል። በሩን ሪሞቱ ውስጥ ባለው ቁልፍ ይክፈቱት። ትንሹን ባትሪ አስሞልተው ካስነሱት በኋላ ደግሞ ያስለኩ። 13.5 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ከትልቁ ባትሪ እየተሞላ ነው፣ እንግዲያው ትንሹ ባትሪ ራሱ አርጅቶ ይሆናል። 12 ላይ ከቀረ ትንሹን ባትሪ ከትልቁ የሚሞላው መሣሪያ ወይም የእሱ ፊውዝ ነው።

ባለሙያው ይፈታ ያለው ዋናው ፊውዝ ግን ብርቱካንማ ገመድ ያለበት፣ የትልቁ ባትሪ ወገን ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች 400 ቮልት አካባቢ፣ ያውም ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ። ዲሲ አንዴ ብልጭታ ከፈጠረ በቀላሉ አይጠፋም። ልዩ ጓንትና ስልጠና የሌለው ሰው እንዳይነካው። ይህ ፊውዝ ደግሞ በዋዛ አይቃጠልም፤ ውሃ ገብቶ ወይም የኤሲው ኮምፕሬሰር ሾርት አድርጎ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ሳይነግርዎት ፊውዝ ብቻ ቀይሮ የሚሰጥዎትን ጋራዥ አይመኑት።

ከጎሮ የደወሉ አድማጭ፦ «ቻርጅ ሳደርግ የቤቴ ብሬከር ይወድቃል። መኪናው ላይ ፊውዝ ተቃጥሎ ይሆን?»

መኪናው ላይ ቢቃጠል ኖሮ ቻርጅ መጀመሩም ያጠራጥራል። ብሬከሩ የሚወድቀው እንጀራ ሲጋገር ነው? ባለ 16 አምፔር ቻርጀር 3.5 ኪሎዋት ይወስዳል፣ ምጣዱም ከዚያ ብዙ አያንስም። አብረው 30 አምፔር አካባቢ ይሆናሉ። ሌሊት ምጣዱ ሳይበራ ይሞክሩት። ያኔም ከወደቀ ኤሌክትሪሻን ይጥሩና ሶኬቱንና ኧርዙን ያስፈትሹ፤ ብሬከሩን በትልቅ አያስቀይሩ።