ለቤት ፖከር ለማን ስንት ቺፕ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! የዛሬው ቪዲዮ ሳጥኑን ከፍታችሁ "እሺ፣ አሁን ለማን ስንት ልስጥ?" ብላችሁ ግራ ለገባችሁ ነው።

ቺፕን፣ በገንዘብ ፈንታ የምንወራረድበትን ክብ ጠፍጣፋ ነገር፣ እንደ ዝርዝር ገንዘብ እዩት። ኪሳችሁ ውስጥ ድፍን ብቻ ካለ ትንሽ ነገር መግዛት ያስቸግራል አይደል? ጠረጴዛ ላይም እንደዚያው ነው። እኔ መጀመሪያ ባዘጋጀሁት ምሽት ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 25 ቺፕ አራት አራት ብቻ ሰጠሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ሁለት ሰዎች ፊት ተከመረ፣ ከዚያ በኋላ ካርታው ተበውዞ ታድሎ "ማነው የሚዘረዝርልኝ?" እየተባለ በየዙሩ መጠበቅ ሆነ። ደስ የሚል ጨዋታ በዝርዝር እጦት ሲደነቃቀፍ በጣም ያሳዝናል።

(ጠረጴዛው ከላይ ይታያል፤ አራት ቀለም ቺፕ ተደርድሯል)

ስምንት ሰው ቶርናመንት፣ ማለትም ቺፑ ያለቀበት እየወጣ አንድ አሸናፊ እስኪቀር የሚቀጥል ጨዋታ፣ ሊጫወት ነው እንበል። ብላይንዱ፣ ማለትም ካርታ ሳይታይ ሁለት ሰዎች በግዴታ የሚያስቀምጡት ውርርድ፣ በ25 እና በ50 ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 25 ስምንት፣ ባለ 100 ስምንት፣ ባለ 500 አራት፣ ባለ 1000 ሰባት ስጡ። ደምሩት፣ ልክ 10,000 ይመጣል። በሰው 27 ቺፕ ነው፤ ለስምንት ሰው 216።

ባለ 25 ለምን ስምንት ሆነ? አራቱ አንድ 100 ስለሚሞሉ ነው። ብላይንዱ በየጊዜው እያደገ 100 እና 200 ሲደርስ 25 ሥራ ያበቃል፣ ያኔ ከጠረጴዛው ይሰበሰባል። ጠቅላላው 64 ቺፕ፣ 1,600 ነው፤ በሦስት ባለ 500 እና በአንድ ባለ 100 ይተካል። አንድ ሰው ጋ ሁለት ወይም ሦስት ቢተርፉት ወደ 100 አሟሉለት፣ ለዚያ ብሎ መከራከር አያስፈልግም።

ስትገዙ ታዲያ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን "500 ቺፕ" አይታችሁ አትርኩ። በየቀለሙ ስንት እንዳለ ቁጠሩ። ለዚህ ጨዋታ 64፣ 64፣ 32 እና 56 ያስፈልጋችኋል። የቺፖቹ ዋጋዎችም ይራራቁ፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው አራት ወይም አምስት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። 5፣ 10፣ 20፣ 25 አንድ ላይ ከመጡ ሰው ሲቆጥር ይደናገራል፣ ቺፑም ይባክናል። ከ25 ቀጥታ 1000 ላይ መዝለልም አይሆንም፣ አንዱን ለመዘርዘር 40 ቺፕ ሊቆጠር ነው። ከ500 ወደ 1000 እጥፍ ብቻ መሆኑን አይታችሁ ይሆናል። እሱን የተውኩት ቀጣዩ 5000 ለ10,000 መነሻ በጣም ስለሚከብድ ነው።

ቀለምም ቀላል ነገር አይደለም። በአሜሪካ ካሲኖዎች ባብዛኛው 25 አረንጓዴ፣ 100 ጥቁር፣ 500 ሐምራዊ ነው። መብራቱ ደብዘዝ ካለ ግን ሐምራዊና ጥቁር ይመሳሰላሉ፤ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ቺፑ ቁጥር ከሌለው ዋጋውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሁሉም የሚያየው ቦታ አስቀምጡ።

በገንዘብ የምትጫወቱ ከሆነ ስሌቱ ይለያል። ብላይንዱ ስለማያድግ ትንሹ ቺፕ እስከ መጨረሻው ይሠራል። 1 እና 2 ብላይንድ፣ መነሻው 200 ቢሆን፣ ባለ 1 ሃያ፣ ባለ 5 አሥራ ስድስት፣ ባለ 25 አራት እሰጣለሁ። ባለ 1 ሃያ ሲሆን በአንድ ቁልል ስለሚቀመጥ አንድ ሰው ስንት እንደቀረው በዓይን ይታያል፣ ይሄን በጣም ነው የምወደው።

የመጨረሻው ነገር መጠባበቂያ ነው። ተሸንፎ እንደገና የሚገባ ሰው ይኖራል፤ ለእሱ ትልልቁን አስቀምጡ፣ በቶርናመንቱ ባለ 1000 አሥር ስጡት። ትንንሹ አስቀድሞ ጠረጴዛው ላይ ስላለ አጠገቡ ያለው ሰው አንዱን ይዘረዝርለታል፣ ቀጣዩ ካርታ ይታደላል።