ስሚዝ የሚባሉት ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

(የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከደብረ ብርሃን የደወሉ አድማጭ፦ «የኢኮኖሚ ሊቁ ስሚዝ፣ ሯጩ ስሚዝ፣ ኮሌጁ ስሚዝ፣ በአርካንሳስ ያለው ከተማ ፎርት ስሚዝ። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው?»

አይደሉም። ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ ነው፤ ብረት በእሳት አግሎ በመዶሻ የሚመታ ሰው። በእንግሊዝ ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም ቀስ በቀስ ተለመደ፤ እስከ 1400 ገደማም አብዛኛው ሰው ያዘው። አንድ መንደር ውስጥ ሦስት ጆኖች አሉ እንበል። «ገበሬው ጆን» ቢባል ማንንም አይለይም፤ ሁሉም ያርሳሉና። «ቀጥቃጩ ጆን» ሲባል ግን ሰውዬው ወዲያው ይታወቃል፤ በመንደሩ ያለው ቀጥቃጭ አንድ ነው። ስሙ በየመንደሩ ብርቅ ስለነበረ ነው በአገሩ ሁሉ የበዛው። ስለ ስሞች ከማውቀው ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ የለም። በ2010 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ 2,442,977 ሰዎች ስሚዝ ተብለው ተመዝግበዋል፤ ከቤተሰብ ስሞች ሁሉ አንደኛ ነው። የጀርመኑ ሽሚት፣ የፖላንዱ ኮቫልስኪ፣ የዐረቡ ሐዳድም ትርጉማቸው ከዚያው ከወናፉ ሥር ነው።

ስሙ ከሙያው የተፋታው ቀደም ብሎ ነው። በ1776 «የሕዝቦች ሀብት» የተባለውን መጽሐፍ ያሳተመው የአዳም ስሚዝ አባት የጉምሩክ ሹም ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ስሚዞች ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። ከባርነት ነፃ ሲወጡ አንዳንዱ የቀድሞ ጌታውን ስም ይዞ ቀረ፣ ሌላው ራሱ መረጠ። ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈበት በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሎምፒክ 200 ሜትሩን በ19.83 ሴኮንድ አሸንፎ፣ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጁን ወደ ላይ ያነሳው ቶሚ ስሚዝ ነው።

ከጎንደር፦ «በእኛ አገር ቀጥቃጭ መባል ስድብ ነበር። እነርሱ እንዴት ይጠሩበታል?»

ጥያቄዎ ልብ ይነካል። ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራልንን ሰው «ቡዳ» ብለን ከማዕድ አርቀናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። በእንግሊዝ መንደር ቀጥቃጩ ያለ እርሱ ፈረስ የማይጫማበት፣ እርሻም የማይታረስበት ሰው ነበርና ልጆቹ ስሙን የሚደብቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። እኛ ዘንድ ያ ስም ሳይወረስ የቀረበት ምክንያት የአባት ስም ልማዳችን ብቻ አይመስለኝም።

ከአዲስ አበባ፦ «በዋሽንግተን ያለው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም የየትኛው ስሚዝ ነው?»

የስሚዝሰን ነው፤ «የቀጥቃጭ ልጅ» እንደማለት። ጄምስ ስሚዝሰን እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ተመራማሪ ነበር። አባቱ ሂዩ ስሚዝሰን ከትልቅ ቤት አግብቶ የሚስቱን ወገን ስም «ፐርሲ»ን ወሰደ፣ በኋላም የኖርዘምበርላንድ መስፍን ሆነ። ጄምስ ግን ከጋብቻ ውጭ ተወልዶ በእናቱ የሟች ባል ስም «ሜሲ» ተብሎ አደገ። አባቱ የተወውን ስም ያነሳው እናቱ ከሞተች በኋላ በ1800 ገደማ ነው። በ1829 ጄኖቫ ውስጥ ሲሞት ሀብቱን ለወንድሙ ልጅ ተናዘዘ፤ ያ ልጅ ያለ ወራሽ ከሞተ ግን ገንዘቡ ለአሜሪካ መንግሥት ይሁን፣ በዋሽንግተንም በስሙ የዕውቀት ተቋም ይመሥረት አለ። ልጁ በ1835 ያለ ወራሽ ሞተ። ከመቶ ሺህ በላይ የወርቅ ሳንቲሞች በከረጢት ታጭቀው ባሕር ተሻገሩ፤ ኮንግረሱ ለዓመታት ተከራክሮ በ1846 ተቋሙን አቋቋመ። ስሚዝሰን በሕይወቱ አሜሪካን አልረገጠም። የሄደው ዐፅሙ ነው፤ ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1904 አምጥቶት አሁን በዚያው በተቋሙ ሕንፃ ውስጥ ዐርፏል።

የሴቶቹ ስሚዝ ኮሌጅም በኑዛዜ የተሠራ ነው። ከወንድሟ የወረሰችውን ሀብት የተናዘዘችው ሶፊያ ስሚዝ ናት፤ ኮሌጁ በ1875 በ14 ተማሪዎች ተከፈተ። የለንደኑ ስሚዝፊልድ ገበያ ግን ከቀጥቃጭ ጋር አይገናኝም፤ «ልሙጥ ሜዳ» ከሚል ቃል የመጣ ነው።

ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ፦ «ስሜ ከበደ ተሰማ ነው እንበል። ትምህርት ቤት ልጄን ሰላም ተሰማ ብሎ መዘገባት። ልክ ነው?»

በእነርሱ ሥርዓት ልክ ነው፤ የእርስዎን የመጨረሻ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይቆጥሩታል። የእንግሊዙ ጆንሰንም አንድ ጊዜ በእውነት የጆን ልጅ ነበር፤ ከዚያ ስሙ ቆሞ ቀረ፣ የልጅ ልጆቹም ሁሉ የጆን ልጅ ተባሉ። አይስላንዶች እስከ ዛሬ እንደ እኛ በአባት ስም ይጠራሉ። እርስዎ ከወረቀቱ መጥፋት የማይፈልጉ ከሆነ ቅጹ ላይ የመካከለኛ ስም ቦታ አለ፤ «ከበደ»ን እዚያ ያስጽፉ። ሰላም ከበደ ተሰማ ትባላለች፤ አገር ቤትም የምትጠራው እንዲሁ ነው።