የእኔ ይኸው ይከፍታል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። የማወራችሁ ለዓመታት አፌ ላይ ስለነበረች አንዲት አጉል መልስ ነው።

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው፤ ፈተና ደርሷል፣ ተማሪው ተጨንቋል። አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ላፕቶፑን አቅፎ መጣና «ጋሼ፣ ዋይፋዩ ምንም አይከፍትልኝም» አለኝ። ወደ ራሴ ኮምፒውተር ዞር ብዬ አንድ ገጽ ከፈትኩና «የእኔ ይኸው ይከፍታል» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ያመሰገነኝ ለምን እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም።

በዚያው ሰሞን ከአንድ ዶርም ሕንጻም አቤቱታ ይመጣ ነበር። ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔት ግን የለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስልካችን ላይ የምናያት የዋይፋይ ምልክት የምትነግረን ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለው ዋይፋይ አሰራጭ ሳጥን ጋር መቀራረባችንን ብቻ ነው። ከሳጥኑ ወዲያ ስላለው መንገድ የምታውቀው ነገር የለም። ግቢያችሁ ውስጥ ቧንቧ አለ ማለት ውሃ አለ ማለት እንዳልሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሁለት ጊዜ ሄጄ አየሁት፤ ሁለቴም ጠዋት አራት ሰዓት ላይ። ተማሪው ክፍል ገብቷል፣ ሕንጻው ጭር ብሏል፣ ዋይፋዩ ይበርራል። ቅጹ ላይ «ችግር የለም» ብዬ ፈርሜ ተመለስኩ። በሦስተኛው የዶርሙ ጥበቃ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ «ልጄ፣ አንተ የምትመጣው ልጆቹ በሌሉበት ሰዓት ነው እኮ» አሉኝ። አፈርኩ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሄጄ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬ ከዋይፋዩ ጋር ተገናኘ፣ ምልክቱ ሞላ፤ ምንም አይከፍትም። የአይፒ አድራሻውን፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ ያለ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚለይበትን ቁጥር፣ ሳይ በ169.254 ይጀምራል። በዚህ ሥራ ያለ ሰው ቁጥሯን ሲያይ ወዲያው ይገባዋል፤ መሣሪያው አድራሻ ጠይቆ የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ የሚያወጣው አድራሻ ነው። ለሕንጻው የተመደበው ከ254 አድራሻ አይበልጥም፤ ነዋሪው ግን ከዚያ እጥፍ በላይ ነው፣ ላፕቶፕም ያለው አለ። ይባስ ብሎ አንድ አድራሻ የሚሰጠው ለ24 ሰዓት ነው። በሕንጻው በኩል አቋርጦ ወደ ካፌ ያለፈ ተማሪ ሁሉ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሆኖ፣ አንድ አድራሻ እስከ ነገ ይዞ ይሄዳል። የሆቴል በር ላይ ብቅ ላለ ሁሉ የክፍል ቁልፍ እንደ ማደል ነው። ጊዜውን ወደ አንድ ሰዓት አሳጠርነው፣ አድራሻውን ወደ 1,022 አሰፋነው፤ አቤቱታው በዚያው ሳምንት ቀረ። ለዚህ ነበር አንድ ሙሉ ወር የተከራከርነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሁለተኛ ጊዜ መጣ፤ ያችኑ መልስ ሰጠሁት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን ከዶርሙ ደረጃ የተማርኩት ነገር ስላለ ላፕቶፑን ተቀበልኩትና እሱ የሚያየውን አየሁ። ኢሜይል፣ ጉግል፣ የግቢው የመግቢያ ገጽ፣ ሁሉም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላሉ። አድራሻ አለው፣ መስመሩም ደህና ነው። ዓይኔ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሄደ፤ ዓመቱ 2009 ይላል።

«ቀኑ ልክ አይደለም» አልኩት።

«እንዴ ጋሼ፣ ዘንድሮ 2009 አይደለም?»

እውነቱን ነው፤ ነው። የላፕቶፑ የሰዓት ባትሪ ሞቶ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ይሰረዝበታል፣ እሱም በጥንቃቄ፣ ደብተሩ ላይ እንደሚጽፈው፣ ቀኑን በእጁ ይሞላል። ድረ ገጾች ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል የደህንነት ሰርተፍኬት አላቸው። በፈረንጆች 2017 የተሰጠ ሰርተፍኬት 2009 ላይ ነኝ ብሎ ለሚያምን ኮምፒውተር ገና ያልተጀመረ ወረቀት ነው፤ ስለዚህ አላምንም ይላል። ኮምፒውተሩ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር። ልጁም ትክክል ነበር። ያልሠራሁት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሬ የሚከፍተውን ገጽ ለማየት ዞር ባልኩበት ፍጥነት የእሱን ስክሪን ባየው ኖሮ ሁለት ሳምንት ባልጠፋበት ነበር።

ቀኑን አስተካክዬ ገጹን ከፈትኩለት። ልጁ ስክሪኑን ትክ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ስምንት ዓመት ጨመሩብኝ» አለኝ፤ ሳቅን።

ባትሪዋ ክብ፣ ትንሽ ናት፤ የኪሱ ነገር ሆኖ ወዲያው አልገዛትም። ከሳምንት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳገኘው ላፕቶፑ ክዳን ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፎ ነበር። በእስክሪብቶ፣ ሁለት ጊዜ አስምሮበት፣ «በፈረንጅ!» ብሎ ጽፎበታል።