«ሌሊቱ በሰላም አለፈ»

የተከበራችሁ የጥበቃ ድርጅቶች ማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ የፖሊስ ተወካዮችና እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

የዓመቱ ሪፖርት ከሻይ በኋላ ይቀርባል። እኔ አሁን አንድ መዝገብ ነው የምገልጥላችሁ።

የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ አንድ ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ለቁጥጥር ወጣሁ። ተረኛው ነቅቶ ነው ያገኘሁት። መዝገቡን ስገልጥ ግን የ11 ሰዓቱ ዙር ተጽፎ አልቋል። «ሌሊቱ በሰላም አለፈ» ይላል። ገና ሦስት ሰዓት ይቀራል እኮ! ገጾቹን ወደ ኋላ ባገላብጥ ያው ቃል፣ በያው እስክሪብቶ። ልቆጣ አልኩና ተውኩት። ያስለመድነው እኛው ነን። «አጥሩ ሥር ሰው አይቻለሁ» ብሎ የጻፈ ጥበቃ በማግስቱ ስንት ጥያቄ ይወርድበታል? ደንበኛው ደነገጠ፣ ውሉ ሊፈርስ ነው እያልን ፊት እንነሳዋለን። እሱም ይማራል።

ታዲያ ከተማ ውስጥ ወንጀል ሲበዛ የመጀመሪያው መልሳችን ምንድን ነው? ዕቃ መግዛት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሌባ ማንቂያ ደወል እ.ኤ.አ. በ1853 አሜሪካ ውስጥ በፈጠራ መብት ተመዝግቧል። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ከሚጮኹት ደወሎች አብዛኞቹ ሌባ የሌለባቸው ናቸው። ነፋስ ነው፤ ድመት ናት፤ ኮዱን የረሳ ባለቤት ነው። የአሜሪካዋ ከተማ የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ ሰልችቶት እ.ኤ.አ. በ2000 አሠራሩን ቀየረ። ደወል ሲጮህ መጀመሪያ የግል ጥበቃ ሄዶ ያጣራል፤ እውነት ከሆነ ፖሊስ ይጠራል። ለእኛ ክብር ነው፣ ግን ሸክምም ነው። ቀድሞ የሚደርሰው የእኛ ልጅ የፖሊስ ሥልጣን የለውም። ሮጦ መያዝ ሳይሆን ማየት፣ ራቅ ብሎ መጥራት፣ ማስረጃውን አለመነካካት ነው ሥራው። ይህን ስንቶቻችን አሠልጥነን እናውቃለን?

ካሜራም እንደዚያው ነው። ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት በመኪና ማቆሚያ ቦታ ስርቆትን በደንብ ይቀንሳል። ድብድብና ጥቃት ላይ ግን ይህን ያህል አያግዝም። ለደንበኛ ስንሸጥ ሁለተኛውን እናነሳለን? እንተዋወቃለን!

አሁን ደግሞ የሚያስተዛዝበንን ልናገር። በራችን ላይ ያንዣበበውን ሌባ «አባረርነው» እንላለን። ሁሌም ወደ ጎረቤት ይሄዳል ማለት አይደለም፤ የሄደ ቀን ግን የሚያገኘው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ የሌላ ድርጅት ጥበቃን ነው። ያ ልጅ ምንም አልተነገረውም። በጨረታ ስለምንፎካከር ሞተር ብስክሌት ላይ ስለሚዞሩ ሞባይል ነጣቂዎች እንኳ አንነጋገርም።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው አንድ ሐሳብ ይዞ መጥቷል። ሰዓት፣ ቦታ፣ የአሠራር ዘዴ፤ እነዚህን ሦስቱን በየዕለቱ እርስ በርስ እንለዋወጥ፣ ለፖሊስም እናድርስ። የሰው ስምና ፎቶ አይገባበትም፤ በጥርጣሬ ሰው ማስወቀስ ሥራችን አይደለም። ከዚያ በፊት ግን ለየጥበቃችን አንድ ነገር እንንገር፦ ያየኸውን ጻፍ፣ አትቀጣም።

ከሰዓት በኋላ በዚሁ እንወያያለን። እስከዚያው ጉባኤው መከፈቱን በአክብሮት አበሥራለሁ።