አየሩም የመሣሪያው አካል ነው
(ደሴ ላይ ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ! የጦሳን ብርድ ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ወሬያችን ጋማ ጨረር ነው። ከብርሃን ዘር ሁሉ ጉልበተኛው እሱ ነው። ደግነቱ አየራችን አያሳልፈውም። ታዲያ መሬት ላይ ሆኖ እንዴት ይታያል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረሩ ከፍታ ላይ አየሩን ሲመታ የቅንጣቶች ናዳ ይፈጥራል። ቅንጣቶቹ አየር ውስጥ ብርሃንን ቀድመው ይሮጣሉ። በባዶ ሕዋ ብርሃንን የሚቀድም የለም፤ አየር ውስጥ ግን ብርሃን ትንሽ ይዘገያል። ያኔ ቼሬንኮቭ የሚባል ፈዛዛ ሰማያዊ ብልጭታ ይወጣል። አንድን ሴኮንድ ለቢሊዮን ብትከፍሉት፣ ብልጭታው የሚቆየው ከዚያ ጥቂት ፍርፋሪ ያህል ነው። ቴሌስኮፖቹ የሚይዙት ይህችን ነው። ጨረሩን የከለከለን አየር ራሱ ወጥመድ ሆነልን! እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

በፈረንጆቹ 1992 አሪዞና ያለው የዊፕል ቴሌስኮፕ ማርካሪያን 421 ከተባለ ጋላክሲ የመጣ ጨረር ያዘ። በዚህ ዘዴ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ የተገኘ የመጀመሪያው ነው። ርቀቱ 400 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። እምብርቱ ላይ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው አካል፣ አለ። ከዚያ የሚወረወረው የቅንጣት ጅረት ወደ እኛ አቅጣጫ ዞሯል። ማታ መንገድ ላይ ሰው ባትሪ ፊታችሁ ላይ ሲያበራባችሁ አስቡት።

አፍሪካም አለችበት። ናሚቢያ ውስጥ፣ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሄስ የተባሉት ቴሌስኮፖች አሉ። በፈረንጆቹ 2006 ሐምሌ ላይ ፒኬኤስ 2155-304 የተባለ ጋላክሲ ድንገት ቦግ ሲል አዩ። ድምቀቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆን ነበር። ጋላክሲን የሚያህል ነገር በደቂቃ ሊለዋወጥ አይችልም። ስለዚህ ጨረሩ የሚወጣው ከጠባብ ቦታ ነው። ከየትኛው ቦታ? ገና ያልተቋጨ ክርክር ነው።

የእኛስ ሰማይ? ደሴ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ወደ ሰሜን ናት። ማርካሪያን 421 ለናሚቢያዎቹ ዝቅ ብሎ ነው የሚታያቸው፤ ለእኛ ግን ወደ አናታችን ይጠጋል። የደቡቡ ሰማይም አያመልጠንም። ክረምት ላይ ደመናው አያሠራም፣ የከተማ መብራትም ጠላት ነው። ላስታ ያለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ መብራትም አያስቸግረውም።

በሉ፣ እኔ ብዙ አወራሁ። ጥያቄ ከኋላ ወንበር እንጀምር፤ የፊቶቹ ሁሌም ይቀድማሉ።